እንዶድና የሳይንስ ትምህርታችን

ተማሪው በክፍል ውስጥ ስለ ሳሙና ጠባይ ሲማር፣ እናቱ ነጠላዋን በእንዶድ ስታጥብ ያየውን አረፋ አያነሣም፤ መምህሩም አይጠይቀውም። በዚህም ምክንያት ሳይንስ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከቤቱ ዕውቀት ጋር የማይተዋወቅ እንግዳ ሆኖ ይታየዋል። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጎዳን ለመገንዘብ የእንዶድን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ይበቃል።

ሕዝባችን የእንዶድን ፍሬ አድርቆና ፈጭቶ ልብስ ሲያጥብበት ብዙ ዘመን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ በሄዱ ጊዜ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። የበሽታው ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ በመሆኑ፣ ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አልነበረም። ስለዚህ ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው የእንዶዱን አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ካሉበት ዕቃ ቢያስጨምሩ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። አረፋውን የሚያስገኘው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣውንም እንደሚገድል ታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተካሄደው የሙከራ ዘመቻ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ዝቅ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ባህል ሁሉ ሳይንስ ነው ማለትን አይደለም። እንዶድ ያለ ልክ ቢጠጣ ሰውን ይመርዛል፤ በወንዝ ውስጥም ዓሣን ይገድላል። አጣቢዎቹ ዕፁንና አዘገጃጀቱን ያውቁ ነበር፤ ተመራማሪው ደግሞ ጥያቄውን፣ ልኩንና ማነጻጸሪያውን አመጡ። አንዱ ያለ ሌላው ፍሬ ባላፈራም ነበር።

በመሆኑም የሙያ ባልደረቦቻችን ሥራ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ነው። እኩል ውኃ በያዙ ሁለት ብርጭቆዎች እኩል የተመዘነ እንዶድና ሳሙና በጥብጦ፣ የአረፋውን ቁመትና ቆይታ ማስለካት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ተማሪው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቱን ሙያ አይንቅም፤ ሳይመረምር መቀበሉንም ይተዋል።