እንዶድ፦ ከዓድዋ ወንዝ እስከ ኦሃዮ ላቦራቶሪ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

ሳሙና በየሱቁ እንደ ልብ ከመገኘቱ በፊት ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ይታጠብ እንደነበር በዕድሜ ጠና ያሉ አንባብያን ሁሉ ያስታውሱታል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከዚያም ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲታሽ አረፋው ይገነፍላል። ጥጥን እንደ እንዶድ የሚያነጣ የለም የሚሉ እናቶች ዛሬም አሉ። ይሁን እንጂ ተክሉ በዓለም የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ስሙ የተጠራው ልብስ ስለሚያነጣ አይደለም። ቀንድ አውጣ ስለሚገድል ነው።

ቀንድ አውጣ መግደል ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን መጀመሪያ ስለ ቢልሃርዝያ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

በሽታው ስሙን ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ይህ ሰው በ1851 ካይሮ ውስጥ የሰው አስከሬን ሲመረምር በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል አገኘ። ትሉ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ወንዱ ሴቷን በሰውነቱ እጥፋት ውስጥ አቅፎ ለዓመታት አብረው ይኖራሉ፤ እሷም ያለማቋረጥ እንቁላል ትጥላለች። ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው ትሉ ሳይሆን እንቁላሉ ነው። ከፊሉ በሰገራ ወይም እንደ ትሉ ዓይነት በሽንት ይወጣል፤ ከፊሉ ግን ጉበትና አንጀት ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀርና ቁስል ይፈጥራል። ወንዝ ዳር በሚኖሩ ልጆች ላይ ሰውነታቸው ከስቶ ሆዳቸው ተነፍቶ የሚታየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሐኪሞችን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀው ጥያቄ ትሉ ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገረው እንዴት ነው የሚለው ነበር። መልሱን በ1913 ሚያይሪና ሱዙኪ የተባሉ ጃፓናውያን አገኙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ብሪታንያዊው ሌፐር በግብፅ አረጋገጠው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ደቃቅ ፍጥረት በቀጥታ ሰውን መያዝ አይችልም። በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ለእሱ የሚስማማ የውሃ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ሥጋው ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይራባል፤ አንዱ ሺህ ይሆናል። ከዚያ ወደ ውሃው ይወጣና ውሃ ልትቀዳ፣ ልብስ ልታጥብ ወይም ልትዋኝ የገባችውን ልጅ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል።

ስለዚህ ሰንሰለቱ ሊበጠስ ከሚችልባቸው ቦታዎች አንዱ ቀንድ አውጣው ነው። በ1960ዎቹ ለዚህ ሥራ የታወቀው ኬሚካል ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚያመርተው ኒክሎሳማይድ ነበር። ይሠራል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፤ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ቢልሃርዝያ የሚበረታባቸው አገሮች ደግሞ የውጭ ምንዛሪ የሌላቸው ናቸው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ባልቲሞር ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ የገባ ወጣት ሳይንቲስት ነበር። በዚያው ዓመት የቢልሃርዝያን ሥርጭት ለማጥናት ዓድዋ ሄደ። በወንዙ ዳር ሲዘዋወር አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈውበታል፤ ከቦታው ከፍ ሲባል ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። እንደሚተረከው ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምኖ ከአረፋው በዕቃ ተቀበለና በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ያንን ወንዝ ከእሱ በፊት ስንት የተማረ ሰው ተሻግሮታል! ሴቶቹም ቢሆኑ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ሳያዩ አልቀሩም፤ ቀንድ አውጣው ከልጆቻቸው ሕመም ጋር መያያዙን ግን የነገራቸው ማንም አልነበረም። አክሊሉ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ሆኖ እዚያ ቦታ ተገኘ። የግኝቱን የመጀመሪያ ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ፤ በ1966 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ።

እንዶድ እንዴት ይገድላል? ልብስ የሚያጥበውና ቀንድ አውጣ የሚገድለው ሳፖኒን የተባለ አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። የሳፖኒን አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ ስብ ይወዳል። ልብስ ላይ ያለውን ቅባት በአንዱ ይዞ በሌላው ወደ ውሃው ይጎትተዋል፤ ማጠብ ማለት ይኸው ነው። የማንኛውም እንስሳ ሕዋስ ሽፋን ደግሞ ከስብ የተሠራ ነው። ቀንድ አውጣ ራቁት ሥጋው ከውሃው ጋር ስለሚገናኝ ሳፖኒኑ ሕዋሱን ይበሳዋል። የሰው እጅ በደረቅ ቆዳ ስለተሸፈነ አይጎዳም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ያቃጥላል። ዓሣም በስንጥቡ ስለሚተነፍስ አይተርፍም፤ በዚህ በኩል እንዶድ የብርብራ ዘመድ መሆኑ መደበቅ የለበትም። መልካምነቱ ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ፈርሶ መጥፋቱ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በኋላ ኬሚስቶች የደረሱበት ነው። ሙሉ ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት ጎኑ ስኳር የተሸከመ ሲሆን እንዲህ ሆኖ ሳለ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው በራሱ ውስጥ ያለ ኤንዛይም ይነቃና የአንዱን ጎን ስኳር ቆርጦ ይጥለዋል፤ መርዙ ያን ጊዜ ይወለዳል። በላቦራቶሪ እንደተለመደው ዱቄቱ በአልኮል ከተዘፈዘፈ ኤንዛይሙ ሥራውን ስለማይሠራ የሚገኘው ነገር ዋጋ የለውም። በሙቀጫ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ማለትም የእናቶች ዘዴ፣ በኬሚስትሪ መለኪያም ትክክለኛው ዘዴ ሆኖ ተገኘ።

ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ የአምስት ዓመት ሙከራ ተካሄደ። የከተማው ውሃ በእንዶድ ይታከም ጀመር። ሙከራው ሲያበቃ ከጠቅላላው ሕዝብ መካከል ቢልሃርዝያ ያለበት ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 አሽቆለቆለ። የቀድሞው ትል በሰውነታቸው ውስጥ የሌለ አዳዲስ ልጆች ስለሆኑ ውሃው መንጻቱን በትክክል የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። በዚሁ ጊዜ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ንጥረ ነገሩን ለይተው ለአክሊሉ መታሰቢያ ሌማቶክሲን ብለው ሰየሙት።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የደስታ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ሃያ ዓመት ያህል የፈጀ የደብዳቤና የስብሰባ ዘመን መጣ። የዓለም የጤና ድርጅት የአክሊሉን ጥናት በ1970 በራሱ መጽሔት ላይ አትሞታል፤ እንዶድን በሥራ ላይ እንዲውል ለመደገፍ ግን እጁን አልዘረጋም። የመርዛማነቱ ምርመራ ዓለም አቀፍ ደረጃ በጠበቁ ላቦራቶሪዎች መደረግ አለበት ተባለ። ጥያቄው በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ችግሩ እንዲህ ያለ ምርመራ ከባድ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑና የሚከፍለው አለመገኘቱ ነው። ለኬሚካሉ ኩባንያው ይከፍላል፤ ለእንዶድ ማን ይክፈል? ከአጥር ሥር የሚለቀም ፍሬ ባለሀብት የለውም።

አክሊሉ ከአገር ወጥቶ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሲያገለግል የእርሻውን ሥራ አገር ቤት የቀረው ባልደረባው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ይዞት ቆየ። ከኢትዮጵያ የተለያዩ ክፍሎች የእንዶድ ዘሮችን ሰብስቦ እያነጻጸረ ምርታቸው የበዛ፣ መርዛቸው የበረታ ዓይነቶችን ለየ፤ ከነዚህም ታዋቂው ቁጥር 44 የተባለው ነው። ስለ እንዶድ ሲወራ የዚህ ሰው ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል አልነበረበትም። በ1989 ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የስዊድን ሽልማት፣ ራይት ላይቭሊሁድን፣ ሁለቱ አብረው ተቀበሉ። የመርዛማነቱ ምርመራም በመጨረሻ በካናዳ መንግሥታዊ የምርምር ተቋም ገንዘብ ተደርጎ ውጤቱ በ1991 ታተመ፤ ዱቄቱ በሰውና በከብት ላይ የሚያሰጋ እንዳልሆነ፣ ዓይን ግን እንደሚያቃጥል ተገለጸ። ይህንኑ ማንኛዋም አጣቢ ልትነግራቸው ትችል ነበር።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ የሚወስደው ወደ አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ነው። በ1988 በዚያ አካባቢ ዚብራ መስል የተባለች ባለ ሽንትር ትንሽ ዛጎል ተገኘች። ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ በመርከቦች ሆድ ባለ ውሃ ተጭና የመጣች ናት። በቧንቧ ውስጥ እየተደራረበች ትጣበቅና የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን ውሃ ትዘጋለች። በ1990 አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሊቀበል ኦሃዮ ወደሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሳለ ነገሩ ተነሣ፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን ከገደለ የቅርብ ዘመዷን ዛጎልስ? ተሞከረ፤ ገደለ። ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በጥቅምት 1993 ተሰጠው።

ጉዳዩ የድሃ አገሮች ዕፅዋትና የአያቶች ዕውቀት በሀብታም አገሮች ስም መመዝገቡን ለሚቃወሙ ሁሉ ዋና ምሳሌ ሆነ። ነገሩን ቀለል አድርጎ ስርቆት ብሎ ማለፍ ግን ለእውነት አይቀርብም፤ በሰነዱ ላይ ፈጣሪዎች ተብለው ከተጻፉት ሦስት ስሞች አንዱ የአክሊሉ ለማ ነው። የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው እንጂ ኢትዮጵያ አይደለችም።

አክሊሉ በሚያዝያ 1997 አረፈ። የመሠረተው ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ ይጠራል። የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ መብት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል። የቢልሃርዝያ ዋና መከላከያ አሁን ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ሆኗል፤ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች ይታደላል። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ልጁ በማግሥቱ ወደ ወንዙ ሲገባ ዳግም ከመያዝ አያድነውም። ወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች እንዳሉ ናቸው፤ አጣቢዎቹ ግን እንዶዱን ትተው በሳሙና ማጠብ ከጀመሩ ቆይተዋል።