ደኑ መቼ ነበር?

ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር ሲባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በትምህርት ቤት ተነግሮናል፤ በችግኝ ተከላ ሰሞንም ከመድረክ አይጠፋም። ለመሆኑ ማን ለካው? የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን የቁጥሩን ምንጭ ተከታትሎ የሚጨበጥ ልኬት አላገኘበትም።

እኔ የማምነው ምስክር ፎቶግራፍ ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌና በአዲግራት በኩል ወደ መቅደላ የዘለቀው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ቤልጂጋዊው የጂኦግራፊ ምሁር ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ያንኑ ቦታ እየፈለጉ፣ እዚያው ቆመው እንደገና አነሡ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ተራሮቹ በቴዎድሮስ ዘመንም የተራቆቱ ነበሩ! ዛፍና ቁጥቋጦ በርከት ብሎ የሚታየው በአዲሱ ፎቶግራፍ ላይ ነው። ዶናልድ ክራሚም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ ካነሣቸው ጋር አስተያይቶ ተመሳሳይ ነገር አይቷል።

እንግዲህ የመሬቱ መራቆት የቅርብ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከሞፈርና ቀንበር ጋር የኖረ ነው። ጤፍ የላመ አፈር ይሻል። ስለዚህ ገበሬው ደጋግሞ ያርሳል፤ የክረምቱ ዶፍ የሚወርደውም ራቁቱን በቀረ ማሳ ላይ ነው። ቦታው ተዳፋት ከሆነ አፈሩ ከጎርፉ ጋር ይሄዳል። አዝመራው ሲነሣ ከብቱ ይለቀቅና ያገኘውን ቡቃያ ሁሉ ይግጣል። ለማሳው ፍግ መሆን የሚገባውም ኩበት ሆኖ ይነዳል። በዚህ ገበሬውን መውቀስ አይቻለኝም፤ እንጨት ከሌለ ምን ያንድድ?

መሬቱ ታዲያ ቂመኛ አይደለም። በትግራይ ብዙ ቁልቁለቶች ከከብትና ከምሳር ተከልለዋል። መጀመሪያ ሣሩ ይመጣል፤ ከዚያ በሕይወት የተረፈው ጉቶ ያቆጠቁጣል። ሥሩና ድንጋይ እርከኑ ጎርፉን ሲገቱት ውሃው ይሰርጋል፤ ከታች ያለው ጉድጓድም ውሃ ይይዛል። ውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ በዚህ ሥራዋ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝታለች።

ዋናው ጥያቄ ግን ዛፉ የማን ነው የሚለው ይመስለኛል። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ የተተከለው ደን፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ተጨፈጨፈ። የቆረጡት በአመዛኙ ራሳቸው የተከሉት ገበሬዎች ነበሩ፤ የመንግሥት ነው ብለው ነበርና የሚያዩት።