መጽሐፍ ጠራዡና የኤሌክትሪክ መስክ

እስቲ የላስቲክ ማበጠሪያ ያዙ። ደረቅ ፀጉራችሁን ደጋግማችሁ አበጥሩበትና ወደ ብጣቂ ወረቀት አስጠጉት። ወረቀቱ ብድግ ብሎ ይለጠፍበታል። ታዲያ ሳይነካው እንዴት ጎተተው?

ድሮ ብዙ ሊቃውንት፣ ኃይሉ በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ ዘሎ ነው የሚሠራው ይሉ ነበር። ማይክል ፋራዴይ ግን ይህን አልተቀበለም። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ አዎ፣ ቀጥቃጭ! ልጁ ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየም። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባ። የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ስለ ኤሌክትሪክ የተማረው እዚያው ነው።

በ1830ዎቹ የፋራዴይ ሐሳብ እንዲህ ሆነ፦ በኤሌክትሪክ የተሞላ ነገር ዙሪያውን ባዶ አይተወውም። ኃይሉ በመስመር በመስመር ተዘርግቷል፤ ሲቀርቡት ይበረታል፣ ሲርቁት ይደክማል። ወረቀታችሁን የሚስበው እዚያው ወረቀቱ ያለበት ቦታ የደረሰው ኃይል ነው። ይህ አካባቢ ዛሬ የኤሌክትሪክ መስክ ይባላል።

ፋራዴይ የረቀቀ ሒሳብ አያውቅም ነበርና ብዙዎቹ ሊቃውንት ሐሳቡን ችላ አሉት። በ1865 ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ያንኑ ሐሳብ በሒሳብ ጽፎ አወጣው። ሽማግሌው ፋራዴይ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር፤ ያረፈው ከ2 ዓመት በኋላ ነው።