የደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ክህደት

በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ መጀመሪያ ላይ የተፈጸመና የውጭ መንግሥት በገንዘብና በሹመት ተስፋ የኢትዮጵያን መኳንንት ለመከፋፈል ያደረገው ሙከራ ትልቁ ማሳያ የሆነ ድርጊት ነው። ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተወላጅ፣ የምሥራቅ ትግራይ ገዥና የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አማች ነበሩ። ባለቤታቸው ልዕልት ዘነበወርቅ በ1925 ዓ.ም. አርፈዋል። የግዛት ተቀናቃኛቸው ምዕራቡን ትግራይ የያዙት ራስ ሥዩም መንገሻ ነበሩ፤ ጣሊያኖችም ይህን ቅራኔ ተጠቀሙበት።

ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ገንዘብ እንደሚቀበሉ ከጦርነቱ በፊት ለንጉሠ ነገሥቱ ጥቆማ ደርሶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ብዙ መኳንንት የጣሊያንን ገንዘብ እየተቀበሉ ለአገራቸው ታማኝ እንደሚሆኑ በማመን ነገሩን አቅልለው አዩት። ይህ ከባድ የግምት ስህተት ነበር። ደጃዝማቹ መስከረም 30 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ጠላት ገቡ። የተከተሏቸው 1,200 ያህል ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ይህም ጣሊያኖች ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ነበር። መቀሌ ጥቅምት 28 ቀን በጣሊያኖች ተያዘች፤ ለደጃዝማቹም የራስነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

ሕዝቡ ስማቸውን ከባንዳነት ጋር አያይዞ ያስታውሰዋል። ጣሊያን ተሸንፋ ከወጣች በኋላ እንግሊዞች ወደ ሲሸልስ ወስደዋቸው ነበር። ወደ አገር ተመልሰው በ1939 ዓ.ም. ለፍርድ ቀረቡ፤ የተፈረደባቸው የሞት ቅጣትም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።