የካይዘሩ ልጅ ጋብቻና የሁለት ገዢ ቤቶች ቂም

በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት በፕሩሲያ ንጉሥ የበላይነት ሥር ቢሆንም የየራሳቸው ንጉሥ ወይም መስፍን ያላቸው ግዛቶች ኅብረት ስለነበረ፣ በገዢ ቤቶች መካከል የሚፈጸም ጋብቻ ከቤተሰብ ጉዳይነቱ ይልቅ የመንግሥት ጉዳይነቱ ያመዝን ነበር። ይህን አጉልቶ የሚያሳየው የልዕልት ቪክቶሪያ ሉዊዘ ሕይወት ነው። ልዕልቷ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 13 ቀን 1892 በፖትስዳም የተወለዱ ሲሆን፣ የካይዘር (ማለትም የንጉሠ ነገሥት) ዳግማዊ ቪልሄልም ሰባተኛና ብቸኛ ሴት ልጅ ነበሩ። በ1909 በዳንሲግ ከተማ አጠገብ የሰፈረ የሁሳር፣ ማለትም የቀላል ፈረሰኛ፣ ክፍለ ጦር የክብር አዛዥ ሆነው ተሾሙ፤ የራስ ቅል ምልክት ያለበትን የክፍሉን ቆብ ደፍተው የተነሡት ፎቶግራፍም በፖስታ ካርድ ታትሞ ለሕዝብ ይሸጥ ነበር።

ልዕልቷ ያገቡት ግን የአባታቸው ቤት ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል ሲቃቃረው ከኖረ ቤት ነው። በ1866 ፕሩሲያ ከኦስትሪያ ጋር ስትዋጋ ከኦስትሪያ ጎን የቆመው የሃኖቨር ሠራዊት በላንገንዛልዛ ድል ቢቀናውም ወዲያው ተከቦ እጁን ሰጠ፤ መንግሥቱም ወደ ፕሩሲያ ተጠቃለለ፤ ዓይነ ስውር የነበሩት የሃኖቨር ንጉሥም ወደ ኦስትሪያ ተሰደዱ። ቬልፍ በመባል የሚታወቀው ይህ የንጉሡ ቤት የዙፋን መብቱን አልተወም። ስለዚህም በ1884 የብራውንሽቫይግ መስፍን ልጅ ሳይተኩ ሲሞቱ ግዛቱ በዘር ሐረግ ለቬልፎች የሚገባ ቢሆንም፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዋና ሚኒስትር ቢስማርክ ስላገዷቸው ብራውንሽቫይግ እስከ 1913 ድረስ በእንደራሴ ስትተዳደር ቆየች።

ለእርቁ መንገድ የከፈተው ሐዘን ነው። በሜይ 1912 የቬልፎች አልጋ ወራሽ ለዴንማርኩ ንጉሥ ቀብር ሲጓዙ በብራንደንቡርግ ግዛት በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ቪልሄልምም ቂሙን ወደ ጎን ትተው ልጆቻቸው በአስከሬኑ አጠገብ የክብር ዘብ እንዲቆሙ አዘዙ። ለዚህ ውለታ ምስጋና ለማቅረብ ወደ በርሊን የተላኩት የሟቹ ታናሽ ወንድም ኤርንስት አውጉስት ልዕልቷን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ ወጣቶች እርስ በርስ መዋደዳቸው እርግጥ ነው፤ ሆኖም ፍቅራቸው ብቻውን በቂ አልነበረም። እጩ ሙሽራው ከባቫሪያ ሠራዊት ወደ ፕሩሲያ ሠራዊት ተዛውረው ለካይዘሩ የታማኝነት ቃለ መሐላ መፈጸም ነበረባቸው፤ እንዲያም ሆኖ የልዕልቷ ታላቅ ወንድም የሆኑት የፕሩሲያ አልጋ ወራሽ፣ ሃኖቨርን በግልጽ ካልካዱ በስተቀር ብራውንሽቫይግ ሊሰጣቸው አይገባም ሲሉ ተቃውመዋል።

ሠርጉ በሜይ 24 ቀን 1913 በበርሊን ቤተ መንግሥት ሲፈጸም የሩሲያው ጻር ዳግማዊ ኒኮላስና የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በእንግድነት ተገኝተው ነበር። ካይዘሩም ለበዓሉ ክብር ሲሉ በስለላ ተከሰው የታሰሩ ሦስት እንግሊዛውያንን በምሕረት ለቀቁ። ከእራት በኋላ በነጩ አዳራሽ ፋክልታንስ የተባለው የችቦ ጭፈራ ተካሄደ፤ ይህም የሰም ችቦ የያዙ ሰዎች እየመሩ፣ ሙሽሮቹ በዝግታ ሰልፍ ሙዚቃ አዳራሹን እየዞሩ ነገሥታቱን በየተራ የሚያጅቡበት፣ በፕሩሲያ ቤተ መንግሥት ለዘመናት የቆየ ሥርዓት ነበር። በመጨረሻም የሙሽራዋ የካልሲ ማሰሪያ ምሳሌ የሆኑ፣ የስማቸው መነሻ ፊደላት የሰፈሩባቸው ጥብጣቦች ለእንግዶች በመታሰቢያነት ታደሉ። በኖቬምበር 1913 ኤርንስት አውጉስት የብራውንሽቫይግ መስፍን ሆነው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ከተማዪቱ ገቡ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሠርግ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው የመጨረሻው ታላቅ የነገሥታት ስብሰባ አድርገው በናፍቆት ያነሡታል። ናፍቆቱ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናል፤ በዚያ አዳራሽ የተገናኙት ሦስቱ ነገሥታት በሥጋና በጋብቻ ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ ዝምድናቸው የጦር ሠራዊቶችን የክተት ዕቅድም ሆነ የመንግሥታትን የቃል ኪዳን ውል ለመግታት አቅም አልነበረውም። የልዕልቷ የበኩር ልጅ በማርች 1914 ሲወለድ ጻሩና የእንግሊዙ ንጉሥ የክርስትና አባቶቹ ሆኑ፤ ሕፃኑ ግማሽ ዓመት ሳይሞላው የክርስትና አባቶቹ አገሮች ከአያቱ አገር ጋር ጦርነት ገጠሙ።

በኖቬምበር 8 ቀን 1918፣ ካይዘሩ ከመውረዳቸው አንድ ቀን በፊት፣ አውጉስት ሜርገስ በተባሉ ልብስ ሰፊ የሚመራ የሠራተኞችና የወታደሮች ምክር ቤት ልዑካን ወደ ብራውንሽቫይግ ቤተ መንግሥት ገብተው መስፍኑ ሥልጣን መልቀቃቸውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ አስገደዷቸው። ያን ሁሉ ድርድር የጠየቀው ሹመት የቆየው አምስት ዓመት ብቻ ነበር። በ1919 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት በጦርነቱ ከጠላት ወገን በመቆማቸው መስፍኑና አባታቸው ከጥንት የወረሱትን የእንግሊዝ ማዕረግ ገፈፋቸው።

ቤተሰቡ ወደ ኦስትሪያዋ ግሙንደን ተሰደደ። በጁላይ 1920 የልዕልቷ ወንድም ልዑል ዮአኪም ራሳቸውን አጠፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት እናታቸው በኔዘርላንድስ በስደት ሞቱ። ይህ ሁሉ ቢደርስባቸውም፣ ልዕልቷ በጁላይ 1918 ከባላቸውና ከልጆቻቸው ጋር በየካተሪንቡርግ ከተገደሉት ከሌላዪቱ ጀርመናዊት ልዕልት፣ ከሩሲያዋ እቴጌ አሌክሳንድራ፣ ጋር ሲነጻጸሩ ዕድለኛ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ለወግ ማዕረግ ከማብቃታቸውም ባሻገር፣ በ1917 የወለዷት ሴት ልጃቸው ፍሬደሪካ በ1947 የግሪክ ንግሥት ስትሆን ለማየት በቅተዋል።