ደቂቅ

“ደቂቅ ዘአካላት” የሚለውን ስያሜ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከትምህርት ቤት ነው፤ የሰማነውም አብዛኛውን ጊዜ ከበሽታ ጋር ተያይዞ ነው። ደቂቅ ማለት ግን እጅግ ትንሽ፣ ረቂቅ ማለት ነው። ደቀቀ፣ አደቀቀ፣ ደቃቃ፣ ሰዓትን የምንሸነሽንበት ደቂቃም ሳይቀር ዘመዶቹ ናቸው። በግእዝ ደግሞ ደቂቅ ልጆች ማለትም ነው፤ “ደቂቀ አዳም” እንዲሉ። እኔ ይህን ፍቺ አብልጬ እወደዋለሁ። ምክንያቱን ያገኘሁት ከጓሮዬ ነው።

ባቄላዬ ሲያብብ አንዱን እግር ዙሪያውን ቆፍሬ በቀስታ አወጣሁት። አፈሩን በውኃ ሳለቀልቀው፣ ቀጫጭን ሥሮቹ ላይ ምስር የሚያካክሉ እባጮች ተጣብቀው አየሁ። አንዱን በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ሮዝ ነው! ቀለሙ የሚመጣው የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ ከሆነ ፕሮቲን ሲሆን፣ ራይዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ሥራ ላይ መሆናቸውን ያሳያል። ተክሉ ስኳር ይመግባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጡለታል። እናት ቤት ሰጥታ የምታበላቸው፣ መልሰው የሚጦሯት ልጆች ማለት እነዚህ ናቸው።

ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይሪንክ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያወጣቸው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ገበሬ ግን ባቄላ በነበረበት ማሳ ስንዴ ወይም ገብስ ሲዘራ ውጤቱን ከጥንት ያውቀዋል።

እናንተም ባቄላችሁን ስትሰበስቡ ግንዱን ከአፈሩ በላይ ቁረጡት እንጂ ከነሥሩ አትንቀሉት። ሥሩ እዚያው ይበስብስ፤ ጎመን ትከሉበት።