ሆድ ያልፈጀው

ጅማ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ዝም የሚባልበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ከሰዓት በኋላ ወደ መንደራ ቆጪ ጎራ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ረከቦት ቀርቦ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የእህል ዋጋ ይነሣል፤ የዘንድሮ ቡና ይነሣል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የሞተ ይታወሳል። ሆኖም ወሬ በማይቸግርበት በዚህ ከተማ ለብዙ ዓመታት ከሲኒው ጋር ያልቀረበ አንድ ነገር አለ። የአማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ላለው ነገር የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «ሆድ ይፍጀው» ይላል።

ይህች ጽሑፍ ሆድ ስላልፈጀው ነገር ታወራለች።

ጅማ ጥንትም የገበያ አገር ነበረች። ዳግማዊ አባ ጅፋር በነገሡበት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) የሂርማታው የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ ገበያውን ቁልቁል ያየዋል። ጣሊያን ሲመጣ መንገድ ጠረገ፤ ሕንጻ ሠራ፤ በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ለራሱ ወታደሮች ማከሚያ የሚሆን ሆስፒታል ጅማ ላይ አቆመ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የምንለው ከዚያ ጅምር የበቀለ ነው። ገበያና መንገድ ግን ሸቀጥ ብቻ አያመላልሱም። ሾፌሩ፣ ወታደሩ፣ ቡና ለቃሚው፣ ነጋዴውና እነርሱን የምታስተናግደው ሴት ሁሉ የሚገናኙት በዚያው መንገድ ዳር ነው።

በኢትዮጵያ ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት ደግሞ በ1986። ከሁለት ዓመት በኋላ በዋና ዋና መንገዶች ላይ በሚገኙ 23 ከተሞች በሴተኛ አዳሪነት ይተዳደሩ በነበሩ ሴቶች መካከል ጥናት ሲደረግ፣ ከመቶው ወደ 17 የሚሆኑት ቫይረሱ በደማቸው ተገኘ። ቁጥሩ በመዝገብ ሰፈረ። በየቤቱ ግን ሌላ ቋንቋ ይነገር ነበር። ሟቹ «በሳምባ» ሞተ፤ ሟቿ «ባደረባት ሕመም» አረፈች። ለቅሶ ደራሹም ያውቃል፤ ቤተ ዘመዱም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት በዚያ ዘመን አይሠራም ነበር፤ ለገለጠውም መድኃኒት አልነበረውምና።

ዝምታውን የሰበሩት ባለሥልጣናት ወይም ባለሙያዎች ብቻ አልነበሩም፤ ሕመሙን የተሸከሙት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። መቅድም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ በ1998 ተመሠረቱ። አባሎቻቸው በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየአደባባዩ እየቆሙ «ቫይረሱ በደሜ ውስጥ ይገኛል» አሉ። ይህን ማለት ከቤት ያስባርር ነበር፤ ከሥራ ያስቀር ነበር። ቀጥሎ «ወገን» የተባለው የ952 የስልክ መስመር ተከፈተ፤ «ቤተኛ» የተሰኘው የሬዲዮ ዝግጅት ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ስለ ኑሯቸው በገዛ ድምፃቸው የሚናገሩበት ሆነ፤ በየቀበሌው ቡና እየተፈላ ውይይት ተካሄደ። የሲኒው ዙሪያ የዝም ይበል ደንብ የፈረሰው ያን ጊዜ ነው። ያን ትውልድ በአክብሮት ልናስታውሰው ይገባል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። ያ ምስክርነት ለሰሚው የተዘጋጀ ነበር። ተናጋሪው ይቆማል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንዴት እንደያዘው፣ እንዴት እንደተገለለ፣ እንዴት ተስፋ እንዳገኘ ይናገራል፤ አድማጩ ይማራል፤ ይጨበጨባል። ማስተማሪያ ሊሆን የማይችለው የታሪኩ ክፍል ግን ሳይነገር ይቀራል። በማግስቱ በሌላ አዳራሽ ያው ታሪክ ይደገማል። ተናጋሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሌሊቱን የሚሰማው አልነበረም።

መድኃኒቱ መጣ። ሐምሌ 1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ ጥር 1997 ዓ.ም. ደግሞ በነጻ ይታደል ጀመር። ሞት የተቆረጠላቸው ሰዎች ከአልጋ ተነሡ፤ ሥጋ ለበሱ፤ ወደ ገበያ ወጡ፤ ወለዱ፤ ዳሩ። በአገራችን የሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህን የሚያህል ምዕራፍ ጥቂት ነው። ግን «ዳኑ» ብለን መጽሐፉን ከድነን ተነሣን።

እስቲ አንዲት ሴት በሐሳባችን እናቁም። ስም አንሰጣትም፤ እንዲህ ያለችው ብዙ ናትና። ባሏ ሞተ፤ በምን እንደሞተ ሳይነገራት ቀበረችው። ሕፃን ልጇ ታመመ፤ ጀርባዋ ላይ እንዳዘለችው ከጤና ጣቢያ ወደ ጠበል፣ ከጠበል ወደ ሆስፒታል ተንከራተተች። ልጁ በ1996 ዓ.ም. ክረምት ሞተ። በተከታዩ ጥር መድኃኒቱ በነጻ ሆነ፤ እርሷ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ኖራለች። በየምሽቱ አንዲት እንክብል ትውጣለች፤ እንክብሏ ጉሮሮዋን ባለፈች ቁጥር ያ ክረምት ይመለሳል። የሕፃን ሳል ስትሰማ እጇ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሆስፒታል በር ላለማለፍ መንገድ ታዞራለች። አንዳንድ ምሽት ደግሞ እንክብሏን ሳትውጥ ትተኛለች፤ ረስታ አይደለም፤ እንዳታስታውስ ብላ እንጂ።

ይህ ሕመም ስም አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ቁስል ሳይኖርባቸው የሚንቀጠቀጡ ወታደሮችን ሁኔታ «የመድፍ ድንጋጤ» በሚል ስያሜ ጽፎት ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ በ1980፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከተል ጭንቀት ብሎ በሕመሞች መዝገብ አሰፈረው። የእኛ ሰው ቀድሞም «ድንጋጤ ነው የጣላት» ይል ነበር፤ ከሐኪሞቹ ብዙ አልራቀም። ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ያለፈው ነገር ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሰውየው የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል፤ ሰውነቱ ዘብ እንደቆመ ያድራል፤ ስለ ራሱና ስለ ዓለም ያለው አስተሳሰብ ይጨልማል። ከኤች አይ ቪ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የተለየ አደጋ አለው፤ የሚሸሸው ማስታወሻ ራሱ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የነፍስ ቁስል ዞሮ ሥጋን ይገድላል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ጆሮውን ቀና ቢያደርግ ይገባዋል፤ ከሚሠሩት ሕክምናዎች አንዱ ታሪክን ከመጻፍ ጋር ይዛመዳልና። እ.ኤ.አ. በ1983፣ በፒኖቼ አገዛዝ ሥር የነበሩ ሁለት የቺሊ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች፣ በእስርና በግርፋት ያለፉ ሰዎች የደረሰባቸውን ሙሉውን እንዲናገሩና እንዲጻፍላቸው ሲያደርጉ ሕመማቸው እንደሚቀልል ጻፉ፤ ጽሑፉን ያወጡትም ሥርዓቱን ፈርተው በብዕር ስም ነበር። በጀርመን የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንን ሐሳብ ከሌላ ጋር አዋህደው «የትረካ ሕክምና» አደረጉት።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ዕድሜ ነው። ለደግ ቀን አበባ፣ ለክፉ ቀን ድንጋይ ይቀመጥበታል። ከዚያ ሰውየው ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተርካል። ድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ ዘልሎ አያልፍም፤ አድማጩ አብሮት ይቆማል። የት ነበርህ? ምን አየህ? ምን ሸተተህ? ያን ጊዜ ምን አሰብህ? አሁንስ ምን ይሰማሃል? አድማጩ ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የጻፈውን መልሶ ያነብለታል፤ ይታረማል። በመጨረሻ ሙሉው የሕይወት ታሪክ ተፈርሞበት ለባለቤቱ ይሰጠዋል። በዩጋንዳ ተጠልለው በነበሩ 43 ሱዳናውያን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ እንዲህ ከተረኩት መካከል ሕመሙ ያልለቀቃቸው 29 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የተለመደ ምክር ካገኙት ግን 79 በመቶዎቹ ገና ታመው ነበር።

የሚሠራበት ምክንያት እንዲህ ነው። አሰቃቂ ትዝታ ቀንና ቦታ የለውም፤ የሽታና የድምፅ ስብርባሪ ሆኖ ስለሚቀመጥ ሲመጣ «አሁን» ሆኖ ይመጣል። በቅደም ተከተል ሲነገር ግን «ያን ዓመት፣ በዚያ ክረምት፣ በዚያ ቤት» ይሆናል። መጀመሪያና መጨረሻ ያገኛል። ማለትም ታሪክ ይሆናል። አባቶቻችን ለነገሥታት ዜና መዋዕል ያስጽፉ ነበር፤ ይህ ሕክምና ለአንዲት ስም አልባ ሴት ዜና መዋዕሏን ይጽፍላታል።

ሌላም መንገድ አለ። በኬንያ ኪሱሙ ከተማ፣ ጥቃት ደርሶባቸው በድባቴና በዚሁ ጭንቀት የታመሙ፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ 256 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። እነዚህ ሴቶች ለ12 ሳምንት ሐዘናቸውንና ከሰው ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመለከት የንግግር ሕክምና ሲያገኙ፣ ሁለቱም ሕመሞች ሳያገኙ ከቆዩት ይልቅ ቀንሰው ታይተዋል። አነጋጋሪዎቹ የአእምሮ ሐኪሞች አልነበሩም፤ የሠለጠኑ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ይህንኑ ስልት በቡድን ለማካሄድ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያም ከቫይረሱ ጋር ለሚኖሩና በድባቴ ለሚሠቃዩ ሰዎች ከአገሬው ባህል ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል። እንግዲህ ነገሩ የባሕር ማዶ ቅንጦት አይደለም።

«ነፍስ አባት የለንምን? ሸኹ፣ ሽማግሌው፣ ጎረቤቱስ የት ሄደ?» የሚል ይኖራል። አሉ፤ ክብራቸውም የተጠበቀ ነው። በጅማ የሸኹ ዱዓና የጎረቤት ቡና ብዙ ሰው አቁመው አቆይተዋል። ነገር ግን ነፍስ አባት የሚሰማው ኃጢአትን ነው፤ የዚያች ሴት ነገር ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ሽማግሌ የሚሰማው ጠብን ነው፤ እርሷ የተጣላችው ሰው የለም። ጎረቤት «አይዞሽ፣ እርሺው» ይላታል፤ ከደግነት የመጣ ቢሆንም ዝም በይ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ማንንም በግድ ማስለፍለፍ ሕክምና አይደለም። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አንድ ጊዜ አስነግሮ መሸኘት እንደማይጠቅም፣ አንዳንዴም እንደሚጎዳ ጥናቶች አሳይተዋል። ንግግር የሚፈውሰው በፈቃድ፣ በሥርዓት፣ በትዕግሥትና በሚስጥር ሲሆን ነው።

ጅማ ለዚህ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም ተማሪዎቹን ወደ ሕዝቡ መንደር እያወረደ የሚያስተምር ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ያንን ልማድ ይዞ ቀጠለ። ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ዳሩ ግን መድኃኒት የሚታደልበት ክፍልና ነፍስ የምትታከምበት ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥም ሆነው ሩቅ ናቸው። በመካከላቸው ድልድይ ሆነው የቆዩት በየጤና ተቋሙ ያሉት፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ፣ የቀረ ሰው ፈልገው «ምነው ጠፋህ?» የሚሉት አጋዦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ድንገት ሲያግድ፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ የ5000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። እንክብል በመርከብ ሊመጣ ይችላል፤ አድማጭ ግን ከሄደ የሚተካው ጊዜ ብቻ ነው። ይህ የሆነውም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ሴቶች ከተደፈሩ፣ ብዙ ጤና ጣቢያዎችም ከተዘረፉ በኋላ ነው። አዲስ ድንጋይ በብዙ ገመድ ላይ ተቀምጧል።

ውድ አንባቢ፣ ስለ አገራችን ኤች አይ ቪ ሲጻፍ እስከ ዛሬ የቆጠርነው የሞተውንና የዳነውን ነው። የዳነው ምን ይዞ እንደዳነ ግን ገና አልተጻፈም። እነዚያ ሰዎች በአደባባይ ቆመው ለእኛ ሲሉ ተናገሩ፤ እኛም በዚያ ምክንያት ተረፍን። ለራሳቸው ሲሉ የሚናገሩበትን አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ የሠለጠነ ሰውና ጥቂት ሳምንታት ልንከፍላቸው ዕዳ አለብን።

መንደራ ቆጪ ዛሬም ቡናው ይፈላል። ያቺ ስም ያልሰጠናት ሴት ሲኒዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ ከሰዎቹ ጋር ትስቃለች፤ በረካው ሲያበቃ ትነሣለች። እስካሁን «ያን ክረምት ንገሪን» ያላት የለም።

ቸር እንሰንብት።